የጨመርኳት ድምፅ

ሰውየው ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ የሚኤሶ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። «እንዴት አደሩ አባባ?» እላለሁ። «እግዜር ይመስገን፤ አንተስ?» ይሉኛል። አልፌ እሄዳለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ እኚሁ ሰው የዛሬ 40 ዓመት ገደማ በአንድ ሰርግ ላይ የመቱትን ክራር ከአሮጌ ካሴት ላይ ለመያዝ እታገላለሁ። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። በስድስቱ ወር ውስጥ አንድም ቀን ስለ ካሴቱ አልጠየቅኋቸውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ሚኤሶ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቆላውን ሲያቋርጥ ከቆመባቸው ጣቢያዎች አንዷ ነች። ባቡሩ ዕቃ ብቻ አላመጣልንም፤ ሰውም አመጣ። በገበያችን ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና አማርኛው በአንድ ፍየል ዋጋ ላይ ይገናኛሉ። ሻይ ቤቱ የድሬዳዋውን ዓሊ ቢራን ሲያሰማ፣ ጎረቤቱ የአስናቀች ወርቁን ክራር ይከፍታል። እኚያ ሽማግሌም በወጣትነታቸው ለሐዲድ ጥገና ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ከየት እንደመጡ ግን አላውቅም ነበር። ይህቺን አለማወቄን አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ክራር የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፤ በጉልምስና ዘመኔ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጬ ኖታ ማንበብ ተማርኩ። ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ዶ ሬ ሚ ካወቅሁ ወዲህ ጆሮዬ ማዕረግ የተሰጠው መሰለኝ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በመስመር ከፋፍዬ ማሳየት እችላለሁ። የካሳ ተሰማንና የሜሪ አርምዴን ቅጂዎች እየሰማሁ «ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው» ማለት ለመድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ልጆች ሰብስቤ አስተምራለሁ። የአገር ሰው «አዋቂ» ሲለኝ እውነት መሰለኝ።

ካሴቷን ያገኘኋት ከባለቤቴ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ነው። የአክስቷ ሰርግ ናት፤ ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ በሚባለው፣ ዛሬ ጭሮ በምንለው ከተማ የተቀዳች። የ60 ደቂቃ ካሴት ናት፤ ወረቀቷ የለም፤ ጥቅሉ ላልቶ በቢክ እስክሪብቶ እያዞርኩ ነው ያጠበቅሁት። ስከፍተው እልልታ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ክራር ብቅ አለ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «ማነው ይሄ?» ስላት ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «ያ የባቡሩ ሽማግሌ ነው እኮ፤ ድሮ ሰርግ ያለሱ አይደምቅም ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ታዲያ አይመቱም?» «እጁ እምቢ አለው» አለች።

እጃቸው እምቢ ማለቱን ሰምቼ አዘንኩ። ያዘንኩት ግን ስለ ሙያው ነበር፤ ስለ ሰውየው አልነበረም። «እንግዲያ ይህን የማዳን ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አልኩ። በልቤ ሰውየውን ቀበርኳቸውና ካሴታቸውን ወረስኩ።

የመጀመሪያው መከራ የመጣው ከድምፁ ከፍታ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን ክራሬን ከካሴቱ ጋር አስተካክዬ ቃኘሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አልገጥም አለኝ፤ ካሴቱ ከፍ ብሏል። አምስተኛው ላይ ይበልጥ ከፍ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለካው አንድ ሙሉ ቶን ሆኖ አገኘሁት። ወዲያው ፈረድኩ፤ «ሽማግሌው በመሃል በመሃሉ መቃኛቸውን እያጠበቁ ነበር፤ ቅኝት መያዝ አይችሉም።» ደብተሬ ላይም እንዲሁ ጻፍኩት። የክራር አውታር ሲመታ ሲመታ እንደሚላላ እንጂ በራሱ እንደማይጠብቅ እያወቅሁ፣ ነገሩን ከማሽኑ ይልቅ በሰውየው ላይ መጫን ቀለለኝ።

ከፍርዴ ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ማታ ሽሮ እያማሰለች ከሩቅ ስትሰማ ቆይታ ሳቀች። «ምን ያስቅሻል?» ስላት «መጨረሻው ላይ ሴቶቹ ሁሉ ሕፃን ሆኑ እኮ! አክስቴ እንዲህ የቀጠነ ድምፅ የላትም» አለችኝ።

ነገሩ ቁልጭ አለ። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። ሰርጉን የቀዳው ቴፕ በድንጋይ የሚሠራ ነበር፤ ማታው እየገፋ ሲሄድ ድንጋዩ ደከመ፣ ሞተሩም ዘገየ። ዘግይቶ የተቀዳ ነገር በጤነኛ ቴፕ ሲከፈት ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ፍጥነቱ በመቶ 6 ገደማ ሲለወጥ ድምፁ ግማሽ ቶን ይሄዳል። እንግዲያ ከፍ ያለው ክራሩ ብቻ አልነበረም፤ እልልታውም፣ ሕፃኑም፣ የባለቤቴ አክስትም አብረው ነበር የወጡት። ሽማግሌው ቅኝታቸውን ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘው ቆይተዋል። ያጓደለው ድንጋዩ ነበር።

እዚህ ላይ መደንገጥ ነበረብኝ። ያልተማረ ጆሮ ያልኩት ጆሮ የተማረውን አርሞታል፤ ምክንያቱም እሷ ስትሰማ የነበረው ሰዎቹን ነው፤ እኔ የምሰማው አውታሩን ብቻ ነበር። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ካሴቱን ወደ ስልኬ ቀዳሁት፤ ፍጥነቱን የሚያስተካክል መተግበሪያ አውርጄ ዘፈኑን ሁሉ ወደ አንድ ከፍታ አመጣሁትና ራሴን አደነቅሁ።

ቀጥሎ የመጣው የመጨረሻውን ዘፈን ቅኝት የማግኘት ሥራ ነው። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ስድስቱን አውታር በአንድ ጊዜ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የተለቀቀው ብቻ ይጮኻል። ስለዚህ ከካሴት ላይ የምትሰማው የተለቀቀውን ነው እንጂ የታፈነውን አይደለም። በድርድር ሲመታ ደግሞ አውታሮቹ አንድ በአንድ ይነካሉ፤ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደመጣ በፍጥነቱ ውስጥ ይጠፋል።

በዚህ ጊዜ አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ላከልኝ። እሱ የሃዋይ ስቲል ጊታር የሚባል ነገር ወዶ የድሮ ሸክላዎችን ይሰበስባል። ጊታሩን ጭን ላይ አጋድመው በአውታሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ነው። ጀማሪው ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የሃዋይ ልጅ ነው ይላሉ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ጊታሩን እየነካካ በባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ ከመሬት አንድ ብሎን አንሥቶ በአውታሩ ላይ አንሸራተተው ይባላል። ከእሱ በኋላ ሶል ሁፒን የመሰሉ ጎበዞች በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ድንቅ ሸክላዎች አስቀረጹ። ችግሩ፣ እያንዳንዱ አዋቂ አውታሩን በራሱ መንገድ ነበር የሚቃኘው። ቅኝቱን ካላገኘህ ሶሎውን ጣትህ አይደርስበትም። ሸክላው ራሱ በደቂቃ 78 ዙር ይባል እንጂ ሁሉም በልኩ አልተቀረጸም።

«ታዲያ እንዴት ታገኙታላችሁ?» አልኩት በስልክ።

«ብረቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ጣት አይታጠፍም። አብረው የጮሁትን ድምፆች ያዝ። በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ሥር አብረው የተኙት እነሱ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ቅኝቱን ይነግርሃል።»

ዘዴውን ወደ ክራር አመጣሁት። አብሮ የሚጮኸውን ፈለግሁ። እናም ሴቶቹ ሙሽራዋን ሲያሞግሱ ሽማግሌው የሳቁ ይመስለኛል፤ ለአንድ አፍታ የግራ እጃቸው ተነሣና ስድስቱም አውታር ባንድ ላይ ተለቀቀ። ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። ያቺን ስህተት መቶ ጊዜ መለስኳት። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከላይ ደግሞ እንደገና ላ። አገኘሁት! ከላ ተነሥተህ ስትቆጥረው ይህ ግማሽ ትዝታ የምንለው ነው፤ ማይነሩ። ሌሊት ነበር፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። «ደስ ይላል፤ አሁን ተኛ» አለችኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ትክክል አልመጣም። ሶሎው እየወረደ፣ እየዞረ መጥቶ ሚ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ካሴቱ «ጭው» ብሎ ያልቃል። በትዝታ ደግሞ ዘፈን ቤቱ ላ ላይ ነው መግባት ያለበት። ስለዚህ ካሴቱ የመጨረሻዋን ድምፅ በልቷታል አልኩ። ወይም ደግሞ ሽማግሌው ረስተዋታል። ክራሬን አነሣሁና ያቺን የጠፋች ላ ጨመርኩላቸው። ዘፈኑ ቤቱ ገባ። እንባ ሁሉ መጣብኝ።

ለተማሪዎቼ እንዲሁ አስተማርኩት፤ ከእነ ጭማሪዬ። ስልካቸው ላይ ቀዱት፤ እርስ በርስ ተላላኩት። በዚያው ዓመት ጭሮ ላይ በተደረገ የመምህራን ዝግጅት እኔው ራሴ መታሁት። ከመምታቴ በፊት ትንሽ ንግግር አደረግሁ፤ ከጥፋት ስላዳንኩት ዜማ፣ ስለ ቴፑ ድንጋይ፣ ስለ ጎደለችው ድምፅ ተናገርኩ። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው ደግፏቸው መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ሲያበቃ አጨበጨቡ። ስወርድ እጄን ይዘው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «አንድ ቀን ና፤ ቡና ጠጣ» አሉ። ምርቃቱን እንደ ማረጋገጫ ወሰድኩት፤ ግብዣውን እንደ ወግ። ሁለት ወር አልሄድኩም።

በመጨረሻ የሄድኩትም ልጠይቅ አልነበረም። የዘፈኑን ኖታ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ስማቸውን ከላይ ጽፌ፣ ላሳያቸው ነው። ክራሬንም ይዤ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መታሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። የመጨረሻዋን ላ ስመታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጨርሼ ነበር እኮ» አሉኝ። «ለምን እንደገና ታስጀምረዋለህ?»

አልገባኝም። ካሴቱ እንደተቆረጠ፣ ድምፁ ቤቱ እንዳልገባ አስረዳሁ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ወረቀቱን አላዩትም። እጃቸውን ዘረጉና ክራሬን ተቀበሉኝ። ለአርባ ዓመት መዶሻ የያዙት ጣቶች አልዘረጋ ብለዋቸዋል። መቃኛውን ይነካሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልነኩም። አንዱንም አውታር አላላሉም፣ አላጠበቁም። የእኔን ጣት ያዙና ከላ አንሥተው ሚ ላይ አስቀመጡት።

«ቤቱ እዚህ ነው» አሉ። «እዚህ ነው የሚታረፈው። ያንተ ትዝታ ነው፤ የእኔ አምባሰል ነው። እኔ የወሎ ልጅ አይደለሁ?»

ዝም አልኩ። በጥቁር ሰሌዳዬ ላይ አራቱን ቅኝቶች ለየብቻ ሣጥን ሠርቼላቸው ስለነበር፣ የግማሽ ትዝታና የአምባሰል አውታሮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን አላየሁትም ነበር። ላ ሲ ዶ ሚ ፋን ላ ላይ ካሳረፍከው ትዝታ ነው። እነዚያኑ ድምፆች ሳትነካቸው ሚ ላይ ብታሳርፍ፣ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ይሆናል፤ አምባሰል። ልዩነቱ በአውታሩ ላይ አይታይም። ሰውየው የት ላይ እንደሚያርፍ ካላወቅህ አምስቱንም ድምፅ በትክክል ይዘህ ዘፈኑን ልትስት ትችላለህ። የቴፑ ፍጥነት ቢስተካከልም አይረዳም፤ ፍጥነት ሁሉንም እኩል ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ማረፊያን አያሳይም። የእህቴ ልጅ ዘዴም አውታሩን ነበር የሰጠኝ፤ ቤቱን አልነበረም። «አባባ፣ አገርዎ የት ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ግን ስድስት ወር ታሳጥርልኝ ነበር። አምባሰል እኮ የወሎ አገር ስም ነው።

በጣም ያሳፈረኝ ግን አለማወቄ አይደለም። እሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አንዴ እንኳን አለመምጣቱ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ጥፋቱ የእሳቸው ነበር። መጨረሻው ሳይገጥመኝ ሲቀር የረሱት እሳቸው ነበሩ። ከእኔ ዕውቀት ጋር ያልገጠመውን ሁሉ ጎደሎ ብዬ ሞላሁት። ካሴቱን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ካሴት አይመልስልህም። መቶ ጊዜ ብትመልሰው መቶ ጊዜ ያንኑ ይላል፤ «ተሳስተሃል» አይልህም። ሰው ግን ይላል። የሰውየውን ደጃፍ ያለፍኩት ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ «ጨርሼ ነበር እኮ» የሚለኝን ሰው ፈርቼ ነው።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን አላረሙኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ፊት አይነገርማ። ለዚህ አይደል ና ቡና ጠጣ ያልኩህ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እሄድ ነበር። የኬኩኩን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ከሐዲድ ላይ ብሎን አንሥቶ ጊታር ላይ ያንሸራተተውን። ሳቁ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ ብሎኑን ስናጠብቅ ዕድሜያችን አለቀ፤ እሱ ዘፈነበት!» በካሴቷ ሁለተኛ ገጽ ላይ ካሉት ሰባት ዜማዎች የአራቱን ስምና ማረፊያ ነገሩኝ። ሦስቱን ረስተዋቸው ነበር። እነዚያ ስድስት ወሮች በእጄ ቢኖሩ ምናልባት አንዷን ያስታውሱ ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ባለፈው ዓመት አረፉ።

ተማሪዎቼን ሰብስቤ አረምኩ። ያለቀሰ የለም፤ «እሺ ቲቸር» ብለው አጠፉት። የላኩትን ግን ማን ይሰበስባል? በዚህ ጥር ሂርና ለሰርግ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ጥግ አንድ ልጅ ክራር ይመታል፤ አይቼው አላውቅም፣ አስተምሬውም አላውቅም። ሶሎው የአባባ ነበር፤ እየወረደ፣ እየዞረ መጣ፤ ሚ ላይ ደረሰ። ከዚያ ላ አለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። «የመጨረሻዋን ድምፅ ተዋት» አልኩት። «እሷ የለችም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እሷማ ከሌለች አያልቅም!» አለኝ።

«የጨመርኳት እኔ ነኝ።»

ልጁ አየኝ፤ የምቀልድ መስሎታል። «ታዲያ ለምን ጨመሯት?»

«የሚያርፉበትን ስላላወቅሁ» አልኩት።

ክራሩን ጭኑ ላይ አስተካክሎ እንደገና ሞከረው። ወረደ፣ ዞረ፣ ሚ ላይ ቆመ። ጣቱ ግን ከአውታሩ አልተነሣችም፤ ወደ ላ እየሳበችው፣ እንደተንጠለጠለች ነበረች።